ከበቅሎ ውረድ ላይ ብልጭ ያለችው መብራት

ሾፌር መጀመሪያ የሚጠረጥረው በአፍንጫው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በእግሬ ስሄድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመጣብኝ ቆም እላለሁ። ከየትኛው መኪና እንደመጣ እፈልጋለሁ። ሾፌሩን ትክ ብዬ አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ ስልክ እያወራ ነው፤ እኔ ግን እስኪያልፍ ድረስ እግሬ አይነሣም። ባለቤቴ፣ «ደመወዙ ቆሞ ሥራው አልቆመም እንዴ?» ትለኛለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ዱርቤቴ ላይ እህል በሚጭን መኪና በረዳትነት ጀምሬ፣ መንጃ ፈቃዴን ይዤ ሽንዲ ገባሁ፣ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁ። የመንግሥት ጤና መኪና ነው ስነዳ የኖርሁት። ክትባት፣ መድኃኒት፣ አዋላጅ፣ አንዳንዴም ሬሳ አመላልሻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ውሎ አበሉ እንደ ሁሉም ቦታ ዘግይቶ ይመጣ ነበር፣ ይኸው ነው።

መንዳት ያስተማረኝ አያ ይርጋ ነው፤ ሽንዲ ላይ የቆየ ሾፌር ነበር። ቁመቱ አጭር ስለነበር ከመቀመጫው ላይ የተጣጠፈ ጋቢ አንጥፎ ይነዳል። እኔ ጎኑ ተቀምጬ አንድ ዓመት ሙሉ እግሩን ሳይ ከረምሁ። ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርስ መኪናውን ያቆማል። ዱላውን ይዞ እስከ መጀመሪያው ጥምዝ በእግሩ ይወርዳል። አፈሩን በዱላው ይወጋል፣ ከዚያ አንድ ጭብጥ ዘግኖ ይጨብጠዋል። መዳፉን ሲከፍት አፈሩ የጣቱን ቅርጽ ይዞ ከቀረ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ፀሐይ እስኪመታው እንጠብቃለን። ተሳፋሪው ቢንጫጫ አይሰማም።

«አያ ይርጋ፣ ሰዎቹ ቸኩለዋል እኮ» አልሁት አንድ ቀን።

«ቸኩለው ይውረዱ። እግር አላቸው» አለኝ።

አፈሩ ከፈቀደለት መኪናውን በዝግታ የሚይዘውን ከባድ ማርሽ ያስገባል፣ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ፎር ዊሉን ይይዛል፣ ከዚያ የቀኝ እግሩን ጫማ አውልቆ መቀመጫው ሥር ይከተዋል። ባዶ እግሩን አጥፎ ወደ ኋላ ይሰበስበዋል፤ ሳያስበው ፍሬን እንዳይረግጥ። «ቁልቁለት የሚወረደው አናቱ ላይ ነው» ይል ነበር። «ማርሽህን አናቱ ላይ ካልመረጥህ፣ ግማሽ ላይ የሚመርጥልህ ገደሉ ነው።» ፍሬኑ ደህና ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ደህና ነው ብሎ አያውቅም። «እስከ ዛሬ አልከዳኝም» ነው መልሱ።

እኔ ከእሱ የቀዳሁት ጥንቃቄውን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ይበልጥ የወረስሁት ጥርጣሬውን ነው። እሱ የሚጠረጥረው አፈርና ብረት ነበር፤ እኔ ሰው ጨመርሁበት። አንድ አለቃ ነበረን፣ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ጠዋትና ማታ በራሱ ደብተር የሚጽፍ። እሱ እኔን ሲጠረጥር እኔም እሱን መጠርጠር ጀመርሁ፤ ከእሱ በኋላ የመጣውን ደህናውንም አለቃ እንዲሁ። ሰው መኪናዬን ከነካ ጎማው አልጠበቀም እላለሁ፤ ሰው ካመሰገነኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

አዲሷ መኪና የመጣችው በሥራዬ መጨረሻ ዓመታት ላይ ነው። ባሕር ዳር ለአንድ ቀን ሥልጠና ጠሩን። ዳሽ ቦርዷ ላይ፣ ተዳፋት ላይ የቆመች ትንሽ መኪና ሥዕል ያለባት ቁልፍ ነበረች። አሠልጣኙ የልጄ እኩያ ነው።

«ይህችን ተጭናችሁ እግራችሁን ከሁሉም ፔዳል ላይ ታነሣላችሁ» አለን። «መኪናዋ ራሷ ፍሬን እየያዘች እየለቀቀች በዝግታ ትወርዳለች።»

«እግሬን ካነሣሁ እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥሁት?» አልሁ።

ሰው ሳቀ። «መሪ ይይዛሉ፣ አባባ» አለኝ።

አባባ ያለኝ ነገር አናደደኝ። የመኪናዋን መጽሐፍ አድሎን ፈርመን ተቀበልን። እንግሊዝኛ ነው፤ ኪሷ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት።

ስምንት ወር ቁልፏን አልነካሁም። ሲስተር የሺ፣ አብራኝ ብዙ ዓመት የዞረች የክትባት ነርስ፣ ትቀልድብኝ ነበር። «ታፈረ፣ ቁልፏን የምትፈራት ደመወዝህን እንዳትወስድብህ ነው?» ትለኛለች። ነገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ለሠላሳ ዓመት እግሬ የተማረውን አንዲት ቁልፍ ታውቃለች ማለት አልዋጥ ብሎኝ ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን ግን ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ተያዝሁ። አጭር ቁልቁለት ናት፤ ግን ዝናቡ ሳሙና አድርጓታል። ፍሬን ብነካ አራቱም ጎማ ተቆልፎ እንደምንንሸራተት አውቃለሁ። ፎር ዊል ይዤ፣ ከባድ ማርሽ አስገብቼ፣ ቁልፏን ተጫንሁ። አረንጓዴ መብራት በራች። ከወለሉ ሥር «ግርርር፣ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ፤ የተሰበረ ነገር መሰለኝ። ግን መኪናዋ አንዱን ጎማ ያዝ፣ ሌላውን ለቀቅ እያደረገች፣ እንደ ሽማግሌ እየመረጠች ወረደች። እኔ አንድ እግር ነው ያለኝ፤ እሷ አራቱን ጎማ ለየብቻ ትይዛለች። ይህን የትኛውም ሾፌር አይችለውም። ታች ስንደርስ የሺ አጨበጨበች።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደድኋት። ጥፋቴ የጀመረውም እዚያ ነው። ስጠረጥራት የነበረውን ያህል አመንኋት። መጀመሪያ በእግር ወርዶ ማየቱን ተውሁ። ቀጥሎ አናት ላይ መቆሙን። በመጨረሻ ከባድ ማርሽ ማስገባቱንም ተውሁት፤ ቁልፏ አለች አይደል?

ፍኖተ ሰላም ግቢ ውስጥ ደሳለኝ የሚባል መካኒክ ነበረን። ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው። አንድ ኅዳር፣ ለክትባት ዘመቻ ከመውጣታችን ከሦስት ቀን በፊት የመኪናዋን የፍሬን ሸራ ቀየረ። እኔ አናቱ ላይ ቆሜያለሁ። እያንዳንዱን ቡሎን ሲያጠብቅ፣ «ቆይ እስቲ» እያልሁ የቡሎን መፍቻውን ከእጁ ወስጄ እደግመዋለሁ። በሦስተኛው ጎማ ላይ መፍቻውን መሬት ላይ ጣለው።

«አያ ታፈረ፣ ካላመኑኝ ራስዎ ይሥሩት!»

«መኪናዬ ላይ ሰው አሳፍራለሁ እኔ፤ የምጠየቀው በነፍስ ነው» አልሁት።

ጎንበስ አለ። አነሣውና ሥራውን ጨረሰ።

«ከበቅሎ ውረድ» የሚሉት ከሽንዲ ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ ያለ ቁልቁለት ነው። በቅሎ ያለው መንገደኛ እንኳ ወርዶ በእግሩ የሚያልፍበት ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ረጅም ነው፤ ግማሽ ላይ አንዲት ሜዳ መሳይ መቆሚያ አለች፣ ከዚያ በታች በግራ ገደል፣ በቀኝ ተቆርጦ የቆመ አፈር። ለዘመቻው በወጣንበት ቀን መንገዱ ደረቅ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ሰባት ሰው፣ ኋላ የክትባት ሣጥንና የመኝታ ዕቃ ሞልቷል። የሺ ከጎኔ በቀኝ ተቀምጣለች።

አናቱ ላይ አልቆምሁም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳለሁ ቁልፏን ተጫንሁ፤ እግሬን ሰበሰብሁ። ጠቅ ጠቅ እያለች ወረደች፣ እኛም ወሬ ይዘናል። መቆሚያዋን ስናልፍ ያ ሽታ መጣ። ከሌላ መኪና ነው ብዬ አሰብሁ። በዚያ መንገድ ላይ ሌላ መኪና አልነበረም።

ከዚያ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ጠቅጠቅታው ቀረ። ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። መኪናዋ እንደተፈታ ጥጃ ተወረወረች። ፍሬን ረገጥሁ፤ ፔዳሉ ወረደ፣ መኪናዋ ግን አልሰማችም። ማርሽ ልቀንስ ስታገል እጀታው ተንገጫገጨ እንጂ አልገባም።

«ታፈረ!» አለች የሺ።

አያ ይርጋ፣ «ገደል ከሚበላህ ተራራ ይምታህ» ብሎኝ ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርሁና መኪናዋን ከቆመው አፈር ጋር አፋተግኋት። እየፋቀች፣ እየጮኸች፣ ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆመች። ከሰባቱ ማንም አልሞተም። ነገር ግን የመረጥሁት ጎን የየሺ ጎን ነበር። በሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ሰብሮታል።

ከእርሻ ገበሬዎች ሮጠው መጡ፤ ቃሬዛ አበጅተው የሺን ተሸከሟት። አብረዋቸው የመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። «ምን አገኛችሁ ልጄ?» አሉኝ።

«ፍሬን ከዳኝ፣ አባቴ።»

መኪናዋን አዩ፣ እኔንም አዩኝ። «ያለ እምነት ሰው ፍሬን ከየት ያገኛል!» አሉ።

ፍሬን ያሉት የመኪናዋን ነው ወይስ የእምነትን ፍሬ? ቅኔያቸውን ልፈታው አልሞከርሁም። ልቤ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ደሳለኝ፣ አልሁ በልቤ። መፍቻውን የጣለው ደሳለኝ።

መኪናዋ ተጎትታ ቡሬ ደረሰችና ተመረመረች። ፍሬኑ ይሠራል ተባለ። ሸራው አዲስ ነው፣ ዘይቱ ሙሉ ነው፣ አንድም ቡሎን አልላላም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን፣ «ስትጎተት ማን ነበር አብሯት?» ብዬ ጠየቅሁ። ደሳለኝ ነበር፤ ሥራው ስለሆነ ነው የሄደው። በቃ፣ መንገድ ላይ አስተካክሎት ነው አልሁ።

አጣሪ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ያልሁትን አልረሳውም። «እኔ ሰው አልወነጅልም። ከሦስት ቀን በፊት የነካው ግን እሱ ነው። ተናዶ ነበር። ሲጎተትም አብሮ ነበር።» ሦስቱም ቃል እውነት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ውሸት ናቸው።

ደሳለኝን ጠየቁት። «ሸራውን በደንብ ነው የገጠምሁት» አለ። ደግመው፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሲሉት ዝም ብሎ እጁን አየ። ያ ዝምታ ለኔ ማስረጃ ሆነኝ።

ኮሚቴው ምክንያቱ አልታወቀም ብሎ ዘጋው። ወሬው ግን አልተዘጋም። ሾፌሮቹ መኪናቸውን ለደሳለኝ መስጠት ተዉ። ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡት፤ ስድስት ወር ሳይቆይ ለቅቆ ወጣ። የሺ ከብዙ ጊዜ ሕክምና በኋላ በምርኩዝ ተመለሰች፤ ወደ ገጠር መውጣት ቀርቶ ካርድ ክፍል ተቀመጠች። ስታገኘኝ፣ «ያንን ሰውዬ እግዜር የሥራውን ይስጠው» ትላለች። እኔም አሜን እላለሁ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ጡረታዬ ሲቃረብ፣ በተመሳሳይ መኪና አንድ ወጣት የጤና መኮንን ይዤ ከቡሬ ወዲያ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወረድሁ። ከአደጋው ወዲህ ቁልፏን ብዙም አልነካትም ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ጠጠሩ ስለሚያንሸራትት ተጫንኋት። ማርሹ አሁንም ከባዱ አልነበረም። ያቺ ክፉ ልማድ አልለቀቀችኝም። ቁልቁለቱ ረዘመ፤ ሽታው መጣ፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች።

ያው መጣ አልሁ። ግን ገና ፍጥነት አልያዝንምና ማርሹ ወደ አንደኛ ገባልኝ፤ ሞተሩ እየጮኸ ያዛት። ጠርዝ አስይዤ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቅሁ። ቸርኬዋ ላይ ውኃ ጠብ ባደርግ ጢስ ብሎ ተነነ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ተመልሼ ብሞክረው መብራቷ ረግታ በራች፣ ፔዳሉም እንደ ድንጋይ ጠንካራ። ማንም ሰው አልነካውም። ማንም አላስተካከለውም። በርዷል፣ ያ ብቻ ነው።

መጽሐፉን ከኪሷ አውጥቼ ለጤና መኮንኑ ሰጠሁት። «ስለዚህች ቁልፍ የሚለውን አንብብልኝ።»

ፈልጎ አነበበና ተረጎመልኝ፤ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ሲግል መሣሪያው ራሱን ለጊዜው ያቆማል፣ ያን ጊዜ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ እንጂ በቁልፉ ብቻ አትውረዱ።

«ይህን አያውቁትም ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልሁት።

ይህችን ውሸት ከአደጋው እኩል አፍርባታለሁ።

ደሳለኝ ቡሬ ላይ የራሱን ጋራዥ እንደከፈተ ሰምቼ ነበር። ለመሄድ አራት ወር ፈጀብኝ። መንገዱ ሰላም አይደለም እላለሁ፣ ሥራ በዛ እላለሁ። በመጨረሻ ሄድሁ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን እንሠራለን። ፍሬን አንነካም።»

ቆሜ አነበብሁት። እና ምን እንዳሰብሁ ልናገር? ይኸው፣ ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ፍሬን ይፈራል፣ አልሁ። መጽሐፉ ተነቦልኝ፣ በዓይኔ አይቼ፣ እንደገና ጠረጠርሁት። ልመለስ መኪናውን ሳዞር አየኝ።

«አያ ታፈረ! ደህና ነዎት?» እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል።

ወርጄ እዚያው ደጁ ላይ ነገርሁት። መብራቷን፣ ግለቷን፣ መጽሐፉን፣ ማርሹን አለማስገባቴን።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እኔ አልነበርሁም» አለ ቀስ ብሎ። «አያ ታፈረ፣ እርስዎ የጠረጠሩኝ ቀላል ነው። እኔ ራሴን ጠረጠርሁት እኮ። ያንን ሦስተኛ ጎማ፣ መፍቻውን የጣልሁበትን፣ በሐሳቤ ስንቴ ፈትቼ ገጠምሁት! ተናድጄ አንድ ነገር ረስቼ ይሆን? የየሺን እግር የሰበርሁት እኔ ነኝ እያልሁ ነው የኖርሁት።»

የበሩን ጽሑፍ ለምን እንደጻፈው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ያሳዩኝ» አለኝ። «በቃል አይሆንም። እዚያው ወስደው ያሳዩኝ።»

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ወደ ከበቅሎ ውረድ ሄድን። አናቱ ላይ አቆምሁ፤ በእግሬ ወርጄ አፈሩን አየሁ። ከዚያ ሆን ብዬ በሁለተኛ ማርሽ፣ በቁልፏ ብቻ ጀመርሁ፤ ደሳለኝ የያን ቀኑን ክብደት እንዲያህል ኋላ ላይ አሸዋ ጭኗል። ከመቆሚያዋ በላይ ሽታው መጣ። መብራቷ ብልጭ ስትል ወዲያው አንደኛ አስገብቼ በእጅ ፍሬን ጭምር መቆሚያዋ ላይ አስጠጋኋት። ደሳለኝ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዞረ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። እስኪበርድ ጠበቀ። ተመልሶ ገባና በራሱ እግር ፍሬኑን ረገጠው፣ ደገመው፣ ሠለሰው።

«ሸራው ደህና ነበር» አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ በኔና በርስዎ መካከል የተባለ ነገር አይደለም። ሰው ፊት ነው ያሉት፤ ሰው ፊት ይመልሱልኝ።»

ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። አለቃው፣ «ፋይሉ ተዘግቷል፣ ምን ያደርግልሃል? ጥፋቱ ወደ አንተ እኮ ነው የሚዞረው» አለኝ። ሊያድነኝ ነው ወይስ ራሱን? ብዬ ጠረጠርሁ። ደብዳቤዬን ግን መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይም ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርሁ። ሾፌሮቹ አቀረቀሩ።

የሺ ግን ከኋላ ወንበር ተነሣች። ምርኩዟን ተደግፋ ወጣች፤ ኮቴዋ በኮሪደሩ እስከ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል። ተከትያት ሄድሁ። በሩ ክፍት ነው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ቁጥሩ አለህ?»

ስልኬን ሰጠኋት። ደወለች። ብዙ ጠራ።

«ደሳለኝ? የሺ ነኝ» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ የረገምሁህ የሺ።»

ወዲያኛው ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሷ ታለቅሳለች፣ «እሺ፣ እሺ ወንድሜ» ትላለች። ይህ የኔ ቦታ አይደለም ብዬ ወደ በሩ ዞርሁ። ስልኩን በመዳፏ ሸፈን አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ወዴት ነው? ተቀመጥ። ካንተ ጋር ገና አልጀመርሁም።»

ተቀመጥሁ።